ሚትሱተሩ ዮኮያማ፤ ከኮቤ አመድ እስከ ሜልበርን ሳሎኖች የዘለቀው የብረት ሰው ፈጣሪ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃኑዋሪ 1968። ሜልበርን በበጋ ሙቀት ውስጥ ነች፤ ልጆች ገና ከትምህርት ቤት ዕረፍት አልተመለሱም። ሥራ ከጀመረ አራት ዓመት ያልሞላው የከተማይቱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤቲቪ-0 አንድ አዲስ የጥቁርና ነጭ ካርቱን ተከታታይ ለአየር አበቃ። ስሙ ጃይጋንቶር ነው። ከፎቅ ቤት ጋር የሚስተካከል ቁመት፣ የሾለ አፍንጫ፣ በጀርባው የታሰሩ ሁለት ሮኬቶች ያሉት የብረት ሮቦት ሰማዩን እየሰነጠቀ ይበርራል። አዛዡ ጄኔራል ወይም ሳይንቲስት አይደለም፤ ቁምጣ ሱሪ የታጠቀ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ በእጁ ከያዛት የመቆጣጠሪያ ሳጥን በስተቀር ሌላ መሣሪያ የለውም። ሮቦቱን የሚያስነሳው፣ የሚያስቆመው፣ ከጠላት ጋር የሚያጋጥመው በርሷ ብቻ ነው።

ከማያ ገጹ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይመለከቱ ከነበሩት ልጆች አብዛኞቹ የፈጣሪውን ስም አያውቁም። ባለ ታሪኩ ልጅ ጂሚ ስፓርክስ ይሰኛል፤ የሚናገረውም በአሜሪካውያን እንግሊዝኛ ነው። የብረቱ ሰው ትውልድ ግን ከአሜሪካ እጅግ የራቀ ነው። የተፀነሰው በጦር አውሮፕላኖች ቦምብ ነድዳ አመድ በሆነች የጃፓን የወደብ ከተማ ባደገ ሰው አእምሮ ውስጥ ነበር።

ያ ሰው ሚትሱተሩ ዮኮያማ ነበሩ።

ከተራራና ባሕር መካከል

ዮኮያማ ጁን 18 ቀን 1934 በኮቤ ከተማ ሱማ በተሰኘው ወረዳ ተወለዱ። ኮቤ ከኦሳካ በስተምዕራብ፣ ተራራን ተንተርሳ ባሕርን ትይዩ የተዘረጋች ከተማ ነች። ወደቧ ጃፓንን ከዓለም ጋር ያገናኛል፤ የመርከብ መሥሪያ ሥፍራዎቿ የጦር መርከቦችንና የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ያንፃሉ። ሰላም ሳለ የሀብት ምንጭ የነበረው ይኸው ሁሉ ጦርነት ሲመጣ የመጥፊያዋ ምክንያት ሆነ።

የአሜሪካ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ወደ ጃፓን ከተሞች መቅረብ ሲጀምሩ መንግሥት ሕፃናትን ከከተማ ወደ ገጠር ማሸሽ ያዘ። ዮኮያማም በሰሜን በኩል በጃፓን ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው የቶቶሪ ክፍለ ሀገር ተወሰዱ። እሳቸው በዚያ ሳሉ፤ በማርች እና በጁን 1945 ቢ-29 የተሰኙት ግዙፍ አውሮፕላኖች በኮቤ ላይ የእሳት ቦምብ አዘነቡ። ከእንጨትና ከወረቀት የተሠሩት የጃፓን ቤቶች እንደ ጭድ ነደዱ፤ በሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም አለቁ። ከዓመታት በኋላ በተሠራው የእሳት ዝንቦች መቃብር በተሰኘው የካርቱን ፊልም ውስጥ የምትነደው ከተማ ይህችው ኮቤ ናት፤ ፊልሙን የተመለከቱ ሁሉ የዚያን ጊዜውን ሰቆቃ በመጠኑ ያውቁታል።

ከሰማይ የሚወርድ እሳት ምን እንደሆነ በማወቅ ኢትዮጵያውያን ከጃፓናውያን ይቀድማሉ። የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ቦምብና መርዝ ሲረጩ ዮኮያማ ገና የሁለት ዓመት ሕፃን አልሞላቸውም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የአውሮፓና የእስያ ከተሞች እልቂቶች በመጠን ቢበልጡም፤ ጦር ግንባር ሳይደርስ፣ ጠላቱን በዓይኑ ሳያይ ስለሚሞት ሰው በወጉ ለመረዳት ለአያቶቻችን ረዥም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዮኮያማ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ወደ ትውልድ ከተማቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው የሚያውቁት ሠፈር ሳይሆን እስከ አድማስ የተዘረጋ አመድ ነው። ይህን ያደረገው ቢ-29 የተባለ አውሮፕላን እንደሆነ ከትልልቆች ሰሙ። በልጅነት ልባቸው ያደረው ስሜት ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ አንድ መሣሪያ ብቻውን አንዲት ከተማን ሊያጠፋ መቻሉ አስደነቃቸው፣ አስደነገጣቸውም። ከዚያ ሌላ ሁለት ነገሮች በአእምሯቸው ተቀረፁ። አንደኛው፤ ጀርመን በጦርነቱ መገባደጃ የሽንፈትን ጽዋ ላለመጎንጨት የሠራቻቸው ቪ-1 እና ቪ-2 የተሰኙ ተወርዋሪ መሣሪያዎች ወሬ ነው። ሁለተኛው በ1931 የተሠራው የፍራንከንስታይን ፊልም ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ያለው ፍጡር በተፈጥሮው ክፉም ደግም አይደለም፤ ሰው ሠራው፣ ከሰው እጅ አመለጠ፣ የሚሆነውንም ሆነ።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ከአሥር ዓመት በኋላ ተገናኝተው አንድ አካል ነሱ።

ባንክ ቤቱን የተወ ወጣት

ከጦርነቱ በኋላ በነበረችው ድኻ ጃፓን ለልጆች ርካሽ መዝናኛ ማንጋ የተሰኘው በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ነበር። በዚያ ዓለም የነገሡት ደግሞ በሕክምና ትምህርት የተመረቁት፣ ግና ሕክምናን ትተው ብዕርና ቀለም የመረጡት ኦሳሙ ቴዙካ ናቸው። ቴዙካ በ1949 ያሳተሙት ሜትሮፖሊስ የተሰኘ ሥራ ወጣቱ ዮኮያማ እጅ ገባ። መጽሐፉ ሲያልቅ የወጣቱ የወደፊት ሕይወት ተወስኖ ነበር ቢባል ብዙ አያስኬድም አይባልም።

ይሁን እንጂ ሕልም ራት አይሆንምና፤ ዮኮያማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ በኮቤ አንድ ባንክ ተቀጠሩ። ሥራው ደሞዝ ነበረው፤ ክብርም ነበረው። ለመሳል የሚሆን ጊዜ ግን አልነበረውም። ጥቂት ወራት ቆይተው ለቀቁ። በዚያ ዘመን የነበረ የጃፓን ቤተሰብ ባንክ ቤት የገባ ልጁ የልጆች ሥዕል ልሣል ብሎ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው ለመገመት ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንለት ልጁን የሚወተውት ሐበሻ ወላጅ አይቸገርም። ቀጥሎ በአንድ የፊልም ኩባንያ የማስታወቂያ ክፍል ገብተው እየሠሩ ማታ ማታ መሳላቸውን ቀጠሉ። በኦሳካ የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፋቸውም በቴዙካ ዓይን ውስጥ ገባ። የተደነቁበት ሰው ረዳት ሆነው በአስትሮ ቦይ ሥራ ላይ እጃቸውን አኖሩ።

ከዚያ ወዲያ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ22 ዓመታቸው፤ በሾኔን መጽሔት የጁላይ 1956 ዕትም ላይ ቴትሱጂን 28 ብለው የሰየሙት ታሪክ መታተም ጀመረ። ትርጉሙ የብረት ሰው ቁጥር 28 ማለት ነው። የቴዙካ አስትሮ ቦይም በዚሁ መጽሔት ላይ ይወጣ ነበርና አስተማሪና ተማሪ በአንድ ሽፋን ሥር ጎን ለጎን ተሰለፉ። ልብ ላለው አንባቢ አንድ ግጥምጥሞሽ እዚህ ላይ አለ፤ ሜልበርን ለኦሊምፒክ ጨዋታ ስትሰናዳ የመጀመሪያዎቹን የቴሌቪዥን ሥርጭቶቿን የጀመረችው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ነው። ሮቦቱና የሚታይበት መስኮት በወራት ልዩነት ተወለዱ።

የማን እጅ ነው የያዘው?

የታሪኩ መነሻ እንዲህ ነው። በጦርነቱ የመጨረሻ ወራት የጃፓን ጦር ሽንፈትን የሚቀለብስ ምሥጢራዊ መሣሪያ እንዲሠራ ዶክተር ካኔዳ የተሰኙ ሳይንቲስትን ያዛል። ሙከራዎች አንድ በአንድ ይከሽፋሉ፤ ስሙ እንደሚናገረው የተሳካው 28ኛው ነው። መሣሪያው ዝግጁ ሲሆን ግን ጦርነቱ አብቅቷል። ከዓመታት በኋላ የሳይንቲስቱ ልጅ ሾታሮ የአባቱን ውርስ ይረከባል። ውርሱ ቤት ወይም መሬት ሳይሆን፤ ለመግደያ የታነፀ፣ የሚገድለው ጠላት ያልቀረው የብረት ግዙፍ ነው።

የአስትሮ ቦይና የቴትሱጂን ልዩነት እዚህ ላይ ይጎላል። አስትሮ በቁመቱ ልጅ ነው፤ ያዝናል፣ ያፍራል፣ ይጠይቃል። ቴትሱጂን ልብ የለውም። አይናገርም፣ አያስብም፣ ለማንም አይወግንም። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን የያዘ ሁሉ ጌታው ነው። ሾታሮ ሲይዘው ሰው ያድናል፤ ሳጥኑን ሌባ ሲነጥቀው ያው ሮቦት በዚያው ጉልበቱ ባንክ ይሰብራል፣ ከተማ ያፈርሳል። የሾታሮ ትልቁ ፍርሃት ሮቦቱ ይሸነፋል የሚል ሳይሆን ሳጥኑ ከእጄ ይወጣል የሚል ነው። በዮኮያማ ገጾች ላይ ደጋግሞ የሚመጣው የነጠቃና የማስመለስ ትዕይንት ልጆችን በጉጉት ቢይዝም፤ ከሥሩ ያለው ጥያቄ የኮቤው ልጅ አመድ ላይ ቆሞ የጠየቀው ነው። ቢ-29ን ያበረረ ሰው ክፉ ነበርን? ወይስ ሳጥኑ በማን እጅ እንዳለ ብቻ ነው የሚወስነው?

ታሪኩ አሥር ዓመት ሙሉ፣ እስከ 1966 ድረስ ታተመ። ከዚያ በፊት ሰው የሚመስሉ ማሽኖች በሥነ ጽሑፍና በፊልም አልጠፉም። ሰው የሚያዝዘውን ግዙፍ ሮቦት የአንድ ሙሉ ዘውግ መሠረት ያደረጉት ግን ዮኮያማ ናቸው።

ወደ ቴሌቪዥን

በጃኑዋሪ 1963 የቴዙካ አስትሮ ቦይ በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ሳምንታዊ የግማሽ ሰዓት ካርቱን በአነስተኛ ገንዘብ መሥራት እንደሚቻል ታወቀ። ዘዴው ቁጠባ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ፤ የዋልት ዲዝኒ ሠዓሊዎች ለያንዳንዱ እንቅስቃሴ እልፍ ሥዕል ሲሥሉ ጃፓናውያኑ አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ያውሉታል፤ አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የተሳለ ዳራ ደግሞ በሌላ ክፍል ተመልሶ ይመጣል። ይህ ድኽነት ለዮኮያማ ሮቦት ከሌሎች ይልቅ ተስማማው። ብረት ፊቱን አያንቀሳቅስም፤ ዝም ብሎ ቢቆምም ያስፈራል።

የብረት ሰው በኦክቶበር 1963 በፉጂ ቴሌቪዥን ጀመረ። ያዘጋጀው ቀድሞ በማስታወቂያ ፊልሞች የሚታወቅ ቲሲጄ የተሰኘ ድርጅት ሲሆን፤ ወጪውን የሸፈነው ግሊኮ የተባለው የከረሜላ ኩባንያ ነው። በመክፈቻው መዝሙር መጨረሻ የኩባንያው ስም ተደጋግሞ ይዘመር ነበርና የዚያ ዘመን የጃፓን ልጆች ሮቦቱንና ከረሜላውን ለያይተው ማሰብ ተስኗቸዋል። ተከታታዩ 97 ክፍሎች ወጣለት። በመካከሉ፤ በኦክቶበር 1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ተካሄደ። ጃፓናውያን ለኦሊምፒኩ ሲሉ በገዟቸው ቴሌቪዥኖች የአበበ ቢቂላን ሁለተኛ የማራቶን ድል ተመለከቱ፤ በነዚያው ቴሌቪዥኖች ልጆቻቸው ቴትሱጂንን ተከታተሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥርጭቱን የጀመረው ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይቶ በኖቬምበር 1964 ነው።

ጦርነቱ ተቆርጦ የቀረበት ትርጉም

ፍሬድ ላድ የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር አስትሮ ቦይን ለአሜሪካ ተመልካቾች በማዘጋጀት ተሳክቶላቸው ነበር። ከባልደረባቸው አል ሲንገር ጋር ሆነው የዮኮያማን ሥራ ገዙ። ከጃፓኑ ተከታታይ 52 ክፍሎችን መረጡ፤ ስሙን ጃይጋንቶር አሉት፤ በ1966 መጀመሪያም በኒው ዮርክ ለአየር በቃ። ሾታሮ ጂሚ ስፓርክስ ተባለ። የጂሚ ድምፅ የተዋናይት ቢሊ ሉ ዋት ነው፤ የአስትሮ ቦይም ድምፅ የርሷ ነበር።

ትልቁ ለውጥ ግን የስም አልነበረም። ታሪኩ ወደፊት ተገፍቶ በ2000 ዓመተ ምሕረት የሚሆን ተደረገ። የጃፓን ጦር፣ ምሥጢራዊው መሣሪያ፣ የከሸፉት 27 ሙከራዎች፣ የተሸነፈች ሀገር ውርስ፤ ሁሉም ወጣ። የቀረው ደግ ልጅ፣ ታዛዥ ሮቦትና በየሳምንቱ የሚሸነፉ ክፉዎች ናቸው። የላድን ውሳኔ ለመፍረድ ይቀልላል። ከፐርል ሐርበር ሃያ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ጣቢያ የጃፓን ጦር የሠራው መሣሪያ ጀግና የሆነበትን ካርቱን ለልጆች ያሳያል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው። ባይቆረጥ ኖሮ ባሕር አይሻገርም ነበር። ተቆርጦ ሲሻገር ደግሞ አብሮት የተሻገረው የዮኮያማ ጥያቄ ግማሹ ብቻ ነው።

የጠላት ሀገር ካርቱን

አውስትራሊያ ውስጥ ነገሩ ከአሜሪካም ይከብድ ነበር። ጃፓን በፌብሩዋሪ 1942 ዳርዊንን በቦምብ ደብድባለች። ከ22 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያን በጃፓን እጅ ለምርኮ ወድቀው፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል በረሃብ፣ በበሽታና በበርማና ታይላንድ የባቡር ሐዲድ ሥራ አልቀዋል። ከምርኮ የተመለሱት አባቶች በ1960ዎቹ ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ የሜልበርን ነዋሪዎች ነበሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፤ በብዙ ቤቶች የጃፓን ዕቃ መግዛት ነውር ነበር። ሀገሪቱ ከጃፓን ጋር የንግድ ስምምነት በ1957 ብትፈራረምም፤ ነጭ አውስትራሊያ የሚሰኘው የኢሚግሬሽን ፖሊሲ ጨርሶ የተሻረው በ1973 ነው። ለጃፓናዊ ሰው እዚህ መጥቶ መኖር ብርቱ ችግር በነበረበት ዘመን የጃፓን ካርቱን ቪዛ ሳይጠየቅ በየሳሎኑ ገባ።

ብቻውንም አልነበረም። አስትሮ ቦይ ነበር። ከካርቱን ውጪ ሳሙራይ የተሰኘው የጃፓን ድራማ የአውስትራሊያን ልጆች ልብ ሰርቆ፤ ዋናው ተዋናይ ኮይቺ ኦሴ በ1965 መገባደጃ ሲድኒንና ሜልበርንን ሲጎበኝ በሺህዎች የሚቆጠሩ ልጆች በአየር ማረፊያ ወጥተው ተቀብለውታል። አባቶቻቸው ሃያ ዓመት አስቀድመው ከጃፓን ወታደሮች ጋር ጫካ ለጫካ የተዋጉ ልጆች ከእንጨትና ከካርቶን ሰይፍ ሠርተው በየጓሮው ኒንጃ ይጫወቱ ነበር። አባቶቹ ምን አሉ? አንዳንዱ ቴሌቪዥኑን ዘጋ፤ ብዙው ዝም አለ።

ልጆቹን ምን ሳባቸው? ለጣቢያዎቹ ያለው መልስ ገንዘብ ነው። የሚሞላ ሰዓት ብዙ፣ የሀገር ውስጥ የልጆች ሥራ ጥቂት፤ የጃፓን ካርቱን ደግሞ ርካሽ። የልጆቹ ምክንያት ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ካርቱኖች ድመት ከገደል ወድቃ ተነሥታ ትሮጣለች፤ በጃይጋንቶር ዓለም ግን ሕንፃ ሲፈርስ ፈርሶ ይቀራል፤ ከተማዎች በእውነት አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ጥላው የጠቆረ፣ ሌሊቱ የበዛ፣ ክፉዎቹ የሚያስፈሩ ናቸው። ላድ የጦርነቱን ስም ከንግግሩ ቢቆርጡም ከሥዕሉ ላይ ሊፍቁት አልቻሉም። የሚፈርሱትን ከተሞች የሣሉት እጆች እውነተኛ ፍርስራሽ ያዩ እጆች ናቸውና።

ሌላም አለ። ትልልቆች በሚያዝዙበት ዓለም ውስጥ ላለ ልጅ፤ ለማንም የማይመለስ ኃይል በሳጥን ውስጥ ይዞ መዋል ከጣፋጭ ሁሉ የሚጣፍጥ ምኞት ነው። በየዋሻው ስለሚኖር ጅንን የሚያዝዝ ቀለበት ተረት የሰማ የኢትዮጵያ ልጅ ስሜቱን አያጣውም፤ ቀለበቱ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ሆነ እንጂ ተረቱ ያው ነው። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ወደ ቀለም ሲሸጋገር የጥቁርና ነጭ ካርቱኖች ዕድሜ በአጭር ተቀጨ። አውስትራሊያ የቀለም ቴሌቪዥንን የጀመረችው በማርች 1975 በመሆኑ ጥቁርና ነጩ ጃይጋንቶር እዚህ ረዘም ያለ ጊዜ አገኘ።

ከሮቦቱ ባሻገር

ዮኮያማ በአንድ ፍጡር ዝና ላይ ተቀምጠው የቀሩ ሰው አይደሉም። በ1961 የጀመሩት የኢጋው ካጌማሩ የኒንጃ ታሪክን በልጆች ዘንድ አነደደ። በ1966 በቴሌቪዥን የወጣችው ጠንቋይቱ ሳሊ ለልጃገረዶች የተሠራ፣ ዛሬም ድረስ ያላቋረጠ ዘውግ መክፈቻ ነች። በ1967 በሰው ተዋንያን የተሠራው ጃያንት ሮቦ ልጅና ሮቦትን ዳግም አገናኘ፤ በዚያኛው ደግሞ ሮቦቱ የሚታዘዘው የልጁን ድምፅ ነው። በ1970ዎቹ ባቤል 2ኛ መጣ።

ትልቁ ሥራቸው ግን ሮቦት የለበትም። ከ1971 አንስቶ 15 ዓመት በላይ የጥንታዊ ቻይናን የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ በ60 ቅጾች ሣሉ፤ በ1991 የጃፓን ካርቱኒስቶች ማኅበር ሽልማትን አስገኘላቸው። ዛሬ ጃፓን ውስጥ ስለዚያ ዘመን የሚያውቅ ጎልማሳ ቢጠየቅ ያወቀው ከታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ከዮኮያማ ሥዕል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በሮቦቱም ሆነ በነገሥታቱ ታሪክ የሚያሳስባቸው ነገር አልተለወጠም፤ ኃይል አለ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል።

የጀመሩት የሮቦት ዘውግ ግን ከእጃቸው ወጥቶ ሄደ። በ1972 ጎ ናጋይ ማዚንገር ዜድን ሲፈጥሩ ልጁን ከውጪ አንስተው በሮቦቱ ጭንቅላት ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ ሳጥን የሚነጠቅበት ታሪክ ቀረ፤ ሰውና ማሽን አንድ አካል ሆኑ። የናጋይ ግሬንዳይዘር በ1978 ፈረንሳይን ጎልዶራክ በሚል ስም አጥለቀለቀ፤ በአረብኛ ተተርጉሞም የመካከለኛው ምሥራቅን ልጆች ማረከ። በቤይሩት ወይም በጂዳ ያደጉ ኢትዮጵያውያን የመዝሙሩን ዜማ ያስታውሱ ይሆናል። ኢጣሊያ ውስጥ በአንጻሩ በ1980 የጃፓን ሮቦቶች ልጆቻችንን ጠብ ያስተምራሉ ያሉ ወላጆች ፊርማ አሰባስበዋል። በ1980ዎቹ ቮልትሮን፣ ትራንስፎርመርስና ሮቦቴክ ምዕራቡን ዓለም በአሻንጉሊትና በካርቱን ሞሉት። ካትሱሂሮ ኦቶሞ ደግሞ አኪራ በተሰኘው ሥራቸው ካኔዳ የሚል ስም ያለው ልጅና ቁጥር 28 የሚል መለያ ያለው ምሥጢራዊ ሕፃን አስገብተው ለዮኮያማ ያላቸውን አክብሮት ገልጸዋል።

ሜልበርን በበኩሏ ከተመልካችነት አልፋ አከፋፋይ ሆነች። በ1996 እዚሁ ከተማ የተመሠረተው ማድማን የጃፓን ካርቱኖችን ለመላ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ የሚያደርስ ኩባንያ ለመሆን በቅቶ ነበር። በ2006 መገባደጃ የቪክቶሪያ ብሔራዊ ጋለሪ የማንጋን ሥዕል እንደ ታላቅ ጥበብ በግድግዳው ላይ ሰቅሎ ሰፊ ዓውደ ርዕይ አቀረበ። ዓውደ ርዕዩ የኦሳሙ ቴዙካ ነበር። ይህም ዮኮያማን ሕይወታቸውን ሙሉ የተከተለ ዕጣ ነው፤ ከጃፓን ውጪ ፍጡራቸው ይታወቃል፣ እሳቸው በአስተማሪያቸው ጥላ ሥር ይቀራሉ። በግላቸውም ከካሜራ የሚሸሹ፣ ከወሬ ይልቅ ሥራን የሚያበዙ ሰው መሆናቸው ለዚህ አስተዋጽዖ ሳያደርግ አልቀረም።

አፕሪል 2004

በአፕሪል 2004 መጀመሪያ በዳይሬክተር ያሱሂሮ ኢማጋዋ እንደገና የተሠራው ቴትሱጂን 28 በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ኢማጋዋ ታሪኩን ወደ 2000 ወይም ወደ ሩቅ ዘመን አልወሰዱትም፤ ከጦርነቱ አሥር ዓመት በኋላ ወደነበረችው ቶኪዮ መለሱት። ላድ የቆረጡት ሁሉ ተመልሶ ገባ። ምሥጢራዊው መሣሪያ፣ የተሸነፈው ጦር፣ የአባቱን የጦር ወንጀል ውርስ ተሸክሞ የሚሄድ ልጅ።

ተከታታዩ ከጀመረ ብዙ ሳይቆይ፤ አፕሪል 15 ማለዳ በቶኪዮ ቶሺማ ወረዳ በሚገኘው የዮኮያማ መኖሪያ ቤት እሳት ተነሣ። ብርቱ የቃጠሎ ጉዳት ደርሶባቸው ሆስፒታል ቢወሰዱም ራሳቸውን ሳያውቁ በዚያው ዕለት አረፉ። ዕድሜያቸው 69 ነበር። የከተማ መቃጠል ባሳደረባቸው ስሜት ታሪካቸውን የጀመሩ ሰው በእሳት ማለፋቸው አድናቂዎቻቸውን እጥፍ ድርብ አሳዘነ።

የትውልድ ከተማቸው ኮቤ ከቦምቡ ሃምሳ ዓመት በኋላ ጃኑዋሪ 17 ቀን 1995 በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታ ነበር። ከ6 ሺህ 400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁሉ የከፋው ቃጠሎ የደረሰው ከዮኮያማ ሱማ ወረዳ አጠገብ ባለው ናጋታ ነው፤ የአነስተኛ ጫማ ፋብሪካዎችና የጠባብ መንገዶች ሠፈር፣ እንደገና እንደ 1945ቱ ነደደ። ከተማው ቢታነጽም ነዋሪውና ደንበኛው ሳይመለስ ቀረ። የናጋታ ነጋዴዎች ሠፈራቸውን ለማነቃቃት መከሩ፤ የመረጡትም የሀገራቸውን ልጅ ፍጡር ነው። በ2009 በዋካማሱ መናፈሻ የቴትሱጂን 28 የብረት ሐውልት ቆመ። ሙሉ ቁመቱ 18 ሜትር፣ ክብደቱ 50 ቶን ያህል፣ ወጪው 135 ሚሊዮን የን ነው። እግሮቹን አንፈራጥጦ፣ ቀኝ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ከመናፈሻው ተነሥተው በሚሄዱት የገበያ መንገዶች ደግሞ የሦስቱ መንግሥታት ጀግኖች ሐውልቶች በየሱቁ ደጃፍ ቆመዋል፤ የቅዳሜ ገበያተኞች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው በመካከላቸው ያልፋሉ።